የአምስት ሰዓቱ መስመር

ጠዋት እናቴ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የእጇን አንጓ ይዤ የልቧን ምት ስቆጥር ያዘችኝ። ተኝታለች ብዬ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ «ስንት ሆነ?» አለች። «ምኑ?» አልኳት እጇን ለቅቄ፣ ብርድ ልብሷን የማስተካክል መስዬ። «ልቤ ነዋ! ይኸው ሦስት ቀንሽ ስትቆጥሪው።» ሰባ ሁለት ነው አልኳት። «ይብዛልኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ ወይም የተኛች መሰለች። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስልክ መሥሪያ ቤት መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ሰው ሲያወራ መሃል አለመግባትን ዕድሜዋን ሙሉ ስለተለማመደችው፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም እቤት ውስጥ እንደዚያው ናት። አንድ ነገር እንዳስጨነቀኝ ታውቃለች። አትጠይቀኝም፤ እኔም አልነግራትም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በአንድ መጋረጃ ተለያይተን፣ ማን ቀድሞ ይናገራል እያልን እንጠባበቃለን። ልወጣ ስል ተነስታ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳር እንደገና መጨመሩን፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደግሞ ዕቃ መጎተት ጀምራ እንቅልፍ እንደነሳቻት ነገረችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ብርጭቋችንን አየን።

የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ያውም በሩ ላይ። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ግፊቱን፣ ትኩሳቱን፣ ትንፋሹንና የልቡን ምት ለክቼ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ካርዱ ላይ ቀለም እለጥፍለታለሁ። ቀይ ከሆነ በሩጫ ይገባል። ቢጫ ከሆነ ወንበር ላይ ይጠብቃል። አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ እኔን እየረገመ ይጠብቃል። ይህንን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ከኔ የተሻለ ያውቀዋል። የታመመው ያውቃል፣ ያመጣው ያውቃል፣ በረኛው ሳይቀር አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «ሲስተር፣ ይሄኛውስ ቀይ ነው» እያለ ይመክረኛል። ለቢጫዎቹ አሥራ ሁለት የብረት ወንበሮች አሉ፣ ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሰባተኛው ከሰዓቱ ሥር ነው፤ አንዱ የክንድ መደገፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ሰው የሞተበት ወንበር ለአንድ ቀን እንኳን ባዶውን የሚውል ይመስለኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነበር ጥርሱን የታመመ ሰው የተቀመጠበት።

ዛሬ ሰባተኛው ላይ የነበረው ደረጃ ሲወርድ እግሩ ወለም ያለው አንድ ወፍራም ነጋዴ ነው። ለአራተኛ ጊዜ እጁን ስይዘው «ሲስተር» አለኝ፣ «እኔን እኮ ያመመኝ እግሬ ነው።» አውቃለሁ አልኩት። «ታዲያ ልቤን ምን ፈለግሽው?» አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እጄ ግን የሱን እጅ አልለቅ አለ። ድሮ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሬ በአራት አባዛ ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። አሁን ሙሉ ደቂቃ ካልቆጠርኩ ልቤ አያርፍም። ዶክተሩ ብቅ ብሎ «ሲስተር፣ ሰልፉ እኮ መንገድ ሊሻገር ነው፤ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምን ልበለው? ከጠዋት ጀምሮ የሦስት ሰው ልብ ሰማንያ ስድስት ወጣልኝ፤ ሦስቱንም እንደ አዲስ ቆጠርኳቸው።

አራት ሰዓት ላይ ፋይል ልመልስ መዝገብ ቤት ገባሁ። መዝገብ ቤቱ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ ሰው ማስረጃ የሚቀበለው በዚያች ነው። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርኩ። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ሰውዬ ድምፁን ሊቀንስ እየሞከረ፣ እየከበደው ይናገራል። «ይኸው፣ ራስሽ አንብቢው። አራት ሰዓት፣ የልብ ምት ሰማንያ ስምንት። አምስት ሰዓት፣ ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ስድስት! ልቧ ደህና ይመታ ነበር ማለት ነው። ግፊቷም ደህና። ከዚያ አንቺ ጥለሻት ወጣሽ፣ ስትመለሺ ሞታለች።» የሴት ድምፅ «ውሃ ልገዛላት እኮ ነው» አለ። «ውሃ!» አለ ሰውዬው። «ብቻዋን ሞተች። አራት ልጅ ወልዳ፣ የማታውቃቸው ሰዎች መሃል ብቻዋን ሞተች። ምን ልበልሽ? ይህንን ይዘሽ ኑሪ።» የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ማኅተም ሲመታ ይሰማኛል፤ ደግሞ ሲመታ። መደርደሪያውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሰማንያ ስድስት የኔ ናት። ከማንም ልብ የተገኘች ቁጥር አይደለችም፤ ከእስክሪብቶዬ ነው የወጣችው። ወንበር ላይ የሚጠብቁትን በየሰዓቱ ዞረን እንደገና መለካት አለብን፤ ካርዳቸው ላይ ለየሰዓቱ አንድ አንድ መስመር አለ። ሰው ሲበዛና እጅ ሲያጥር ግን ካርዶቹን ሰብስበን ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥና፣ ካለፈው ሰዓት ቁጥር ትንሽ ቀነስ ወይም ጨመር አድርገን መስመሩን እንሞላዋለን። «ቀድሞ መሙላት» እንለዋለን፤ ኋላ ዞረን የምንለካ ይመስል። አንዳንዴ እንለካለን። ብዙውን ጊዜ ግን ቀጣዩ ሰዓት ይደርሳል። ያንኑ ቁጥር መድገም ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ ሰማንያ ስምንት የነበረው ሰማንያ ስድስት ይሆናል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም፣ እኔም ለስንቱ ጀማሪ አስተማርኩት።

ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር የመጡት ከሦስት ቀን በፊት ነው። ቃር ነው አሉ፣ ሆዴን ያቃጥለኛል አሉ፤ ቢጫ ሰጠኋቸው። ማንም ቢሆን ቢጫ ይሰጣቸው ነበር፤ በዚያ አልጸጸትም። አራት ሰዓት ላይ በገዛ እጄ ለካኋቸው፣ ሰማንያ ስምንት ነበር፤ «እጅሽ ይሞቃል» ብለውኛል። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አውቶቡስ ተገልብጦ ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ አመጡብን። አምስት ሰዓት ላይ፣ በደም በተነከረ ጓንቴ እንዳይቆሽሽ ካርዱን በክርኔ ተጭኜ፣ የአሥራ ሁለቱንም ወንበሮች መስመር ሞላሁ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ልጅቷ መጣችና «ሲስተር፣ ተኝታለች፤ ውሃ ገዝቼ ብመለስ ምንም አትሆንም?» አለችኝ። ቀና ሳልል ካርዱን አየሁ። «ሂጂ፣ ደህና ናቸው» አልኳት። የጻፍኩትን ራሴው አምኜ! አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጩኸቷን ሰማሁ። ስደርስ ሴትዮዋ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከጉንጫቸው ሥር የተጠቀለለ የልጅቷ ሹራብ ተደርጎላቸው፣ የተኙ ይመስላሉ። እጃቸውን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር። በተሰበረው መደገፊያ በኩል የተንጠለጠለው እጃቸው ጣቶቹ ጠቁረዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬሳ ስገንዝ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለው በሃያ አምስት ደቂቃ አይመጣም። እኔ ሰማንያ ስድስት ብዬ ስጽፍ የሴትዮዋ ልብ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ ከቁስለኞቹ መሃል ሮጦ መጥቶ ካርዱን አየ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ብሎ የሞት ሰዓት ጻፈና ተመልሶ ሮጠ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ሦስት ቀን ሙሉ ለራሴ ስነግረው የነበረው ነገር ይህ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ሄጄ ብለካቸውም ሬሳ ነበር የማገኘው። እንግዲያው ማንን ጎዳሁ? ሰው አልገደልኩም፤ ቁጥር ነው የጻፍኩት። ሌት ተቀን ይኸው ነበር መልሴ። እጃቸው ግን ከእጄ አልወጣ አለኝ። የእናቴን እጅ ስይዝ የሳቸው ቅዝቃዜ ይመጣብኛል፤ ሙቀቷ እስኪሰማኝ ድረስ መተንፈስ ያቅተኛል። ከመስኮቱ ወዲያ ያን ሰውዬ ስሰማ ግን ማንን እንደጎዳሁ አወቅኩ።

አለቃችን በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ ነርስ ናት። አረማመዷ የሠልፍ ስለሆነ ከዘበኛ እስከ ዶክተር «ሻለቃ» ነው የሚላት፤ እሷም ትወደዋለች። ሴትዮዋ የሞቱ ዕለት ካርዴን ገልብጣ ካየች በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ንጹሕ ነው፣ አንድ መስመር አልጎደለም፤ ለጀማሪዎቹ ማሳያ አደርገዋለሁ» ብላኝ ነበር። ዛሬ አንሶላ ማስቀመጫው ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። አንድ አንሶላ አንስታ አጠፈች፤ የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና አጠፈች። «ማንም ያልሞላ የለም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሳልሞላ ሻለቃ የሆንኩ መስሎሻል?» ልጅቷን ገደልኳት እኮ አልኳት። «ልጅቷ አልቅሳ ይወጣላታል። አንቺ ግን የሙያ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል? እናትሽንስ ማን ያያል? አሁን ይህንን አልሰማሁም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።» በሩን ከፈተችልኝ። ስወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምሳ ብይ» አለችኝ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

ምሳ አልበላሁም። ሰባት ሰዓት አልፎ፣ ነጋዴው እግሩ በፋሻ ታስሮለት ከወጣና ሰባተኛው ወንበር ባዶ ከሆነ በኋላ፣ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ አብጧል፣ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል። እጇ ላይ የካርዱ ቅጂ አለ። ወንድሟ አስተዳደር ሕንፃው ጋ ፊርማ እየጠበቀ ነው አለችኝ። «ሹራቤን ጥዬ ነበር፤ ካለ ብዬ ነው።» መሳቢያዬን ከፍቼ አውጥቼ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ሙሉ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር እያየሁት መልሼ ስዘጋ ነበር። ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ሳታስበው ሰባተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አምስት ሰዓት ላይ ስትለኪያት ምን አለችሽ?»

«ምን?»

«የመጨረሻ ያናገረችው አንቺን ነው ማለት ነዋ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ አንቺ ስትመጪ ግን አላየሁሽም። ሌሊቱን ሳልተኛ ስላደርኩ እንቅልፍ ጥሎኝ መሆን አለበት። እኔ ያልተኛሁ ነበር የመሰለኝ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ለክተሻታል። ለመለካት እኮ ነቅታ ነበር፣ አይደል? ምን አለችሽ? ስሜን ጠራች?»

«ስምሽን ጠሩ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ልጄ ደክሟታል፣ አትቀስቅሻት» አሉኝ ብላትማ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖር ነበር፤ ለወንድሟም ትነግረው ነበር፤ እኔም እናቴ ጋ እገባ ነበር። ሥራዬም ይተርፍ ነበር። ደግሞ ለሷ ብዬ ነው ማለት እችል ነበር፣ ውሸትም አይመስልም። ግን ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ እኔን የመጠርጠር ምልክት እንኳን የለም። የምትጠረጥረው የገዛ ዓይኗን ነው። አለመተኛቷን እያወቀች፣ ወረቀቴ ተኝተሻል ስላላት ተኝቼ ነበር አለች። ጠረጴዛዬን ትቼ ሄድኩና ስምንተኛው ወንበር ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አልለካኋቸውም» አልኳት።

ካርዱን አየችው። «ይሄስ?»

«ከራሴ ነው የጻፍኩት። ቁስለኞች መጡ፣ ጊዜ አጣሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አጠገባችሁ አልደረስኩም። አልተኛሽም ነበር፤ ያላየሽኝ ስላልመጣሁ ነው።» የተሰበረውን መደገፊያ አየሁ። «ሌላም አለ። ጮኸሽ ስደርስ እጃቸውን ይዤ ነበር። ቀዝቅዞ ነበር። አንቺ ውሃ ልትገዢ ስትወጪ እናትሽ ሞተው ነበር። ቀደም ብለው ነው የሞቱት። ብቻቸውን አልሞቱም። አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ራሳቸው የት ነበር?»

እጇ ቀስ ብሎ ሄዶ ቀኝ ትከሻዋን ያዘ። ከፊታችን አንዲት ሴት የሚያስል ልጇን ልታስለካ ቆማ ትጠብቃለች፤ በረኛው «ሲስተር» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

«እያወራኋት ነበር» አለች ልጅቷ። «ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጄ ትምህርት፣ እንዲሁ እንዳይሰለቻት። እየመለሰችልኝ ቆየችና ዝም አለች። ተኛች ብዬ ማውራቴን አላቆምኩም፤ ብቻ...» ሹራቡን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። «ብቻ ድምፄን ቀነስኩ። እንዳትነቃ።»

ተላቅሰን ተቃቀፍን ብል ደስ ባለኝ። አልተቃቀፍንም። እንባዋን በሹራቡ ጠርጋ «ሦስት ቀን ሙሉ ታውቂ ነበር» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ከቀብር መልስ ወንድሞቼ ሲያባርሩኝ ታውቂ ነበር።» ያንን አላውቅም ነበር፤ ግን አላውቅም ለማለት ምን አፍ አለኝ? ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታችኝም። ካርዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «ጻፊው» አለች። «እኔን አያምነኝም። ወንድሜ የሚያምነው ወረቀት ብቻ ነው።»

ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሰማንያ ስድስት ላይ አንድ መስመር አሰመርኩበት፤ ሥሩ እንዲነበብ አድርጌ፣ ደንቡ እንደሚያዘው። ከጎኑ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ሬሳቸውን ስይዝ ያየሁትን፣ የእጃቸውን ቅዝቃዜና የጣቶቻቸውን መጥቆር፣ ከአምስት ሰዓት በፊት አርፈዋል ብዬ እንደማምን፣ በዚያን ጊዜም ልጃቸው አብራቸው እንደነበረች ጻፍኩ። ፈረምኩበት። የፈቃድ ቁጥሬንም አስቀመጥኩ፤ እጄ ለሰባት ዲጂት ያን ያህል ሲዘገይ አይቼው አላውቅም። አንብባ አጠፈችው። ስትነሳ አላመሰገነችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ኮሪደሩን ስታቋርጥ እጇ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ሄጄ ዋናውን ካርድ አስወጣሁና ያንኑ ጻፍኩበት፤ ከዚያ የሚያስለውን ልጅ ትንፋሽ ለካሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻለቃ መጣች። ሰምታለች፤ እዚህ ቤት ወሬ ከአምቡላንስ ይፈጥናል። ከአንገቴ ላይ የልብ ማዳመጫውን በሁለት እጇ አወጣችውና ጠቀለለችው። «ነገ ጋዎን ለብሰሽ አትምጪ። ቀጥታ ቢሮ ነው የምትገቢው» አለች። ከዚያ ፊቷን አዙራ «ሞኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን የሻለቃ አልነበረም። ስወጣ ሰባተኛው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። እግሬ ወደሱ ሊሄድ ሲል የማታዋ ተረኛ እጁን ይዛ ሰዓቷን ስታይ አየኋት። አሥራ አምስት ሰከንድ ነው የቆጠረችው። ማዳመጫ የሌለው አንገቴን ነክቼ ወጣሁ።

እናቴ መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ ነበረች። ሻይ ልትቀዳ ስትነሳ ያዝኳትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ነገርኳት። ከሴትዮዋ ቃር ጀምሬ፣ ከሞላሁት መስመር፣ ከወንድምየው ወቀሳ፣ ነገ ከምሄድበት ቢሮ፣ ሁሉንም። እንደ ልማዷ መሃል አልገባችም። ሥራዬን ሊቀሙኝ እንደሚችሉ ስነግራት እጄን ዳበሰችው፤ ስለ ልጅቷ ትከሻ ስነግራት ራሷን አምጥታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ሳላቋርጥ ቀጠልኩ። ነገ ምን እንደምል፣ ማን ማን እንደሚቀመጥ፣ ሻለቃ እንዴት እንደምታየኝ አወራሁ። ውጪው እየደነገዘ ሄደ፤ መብራት አላበራንም። «አይደል እንዴ?» አልኳት አንድ ቦታ ላይ። መልስ የለም። ራሷ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ተኝታለች ብዬ፣ እንዳላነቃት ድምፄን ልቀንስ ስል፣ ያ ቅዝቃዜ ከጣቶቼ ተነስቶ እስከ ክርኔ ወጣ።

«እማዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። የላይኛዋ ጎረቤታችን እንኳን ዕቃ መጎተቷን አቆመች።

ክንዷን ይዤ ነቀነቅኳት።

«እማዬ!»

«አቤት!» አለች ብንን ብላ። «ምን ያስጮህሻል? አለሁ እኮ!» ከዚያ በጨለማው ውስጥ ፊቴን ፈልጋ ለጥቂት ጊዜ አየችኝ፤ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ እጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይኸው» አለች፣ «ቁጠሪ።»